እግዚእ ኀረያን ማን ጠየቃት?

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ሞቶሎሚ የሚል ስም ከሰማችሁ፣ ከማን አፍ እንደሰማችሁት ልብ በሉ። የወላይታን ታሪክ የሚያወጋ አዛውንት ከሆነ፣ ሞቶሎሚ ገናና ንጉሥ ነው፤ ስሙ ከወላይታ ማላ ሥርወ መንግሥት ጋር ይነሳል። ገድለ ተክለ ሃይማኖትን የሚተርክ መሪጌታ ከሆነ ግን ሞቶሎሚ ጣዖት አምላኪ የዳሞት ገዥ፣ የሰው ሚስት የወሰደ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የተወሰደችው ሴት እግዚእ ኀረያ ትባላለች። ባሏ ጸጋ ዘአብ በሸዋ፣ በጽላልሽ ካህን ነበር። ገድሉ የዘር ሐረጉን ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም መጣ ከሚባለው ከሳዶቅ ልጅ ከአዛርያስ ይቆጥራል። የእስራኤል ካህናት ቤት ማለት ነው። የሞቶሎሚ ጦር ሸዋን ሲወር እሷን ማርኮ ወሰዳት፤ ንጉሡም በውበቷ ተማርኮ ሊያገባት ተነሳ። ገድሉ እንደሚለው ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ተሸክሞ ወደ ባሏ መለሳት። በኋላ የወለደችው ልጅ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ አድጎ ያንኑ ንጉሥ አጠመቀው።

የእስራኤል ዘርና የንጉሥ ቤት በጋብቻ ሲገናኙ በሌላም አገር ታይቷል። ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ባለባንክ ልጅ የሆነችው አሊስ ሃይነ በ1889 እ.ኤ.አ. የሞናኮውን ልዑል ቀዳማዊ አልበርትን አገባች። አልስማማ ሲላቸው ደግሞ በ1902 ተለያዩ። እሷ መግባትም መውጣትም ችላለች። እግዚእ ኀረያ ግን ተማርካ ነው የሄደችው።

እኛ እስከ ዛሬ የምንከራከረው ስለ ንጉሡ ክብርና ስለ ካህኑ የዘር ሐረግ ነው። እሷስ? ሠርጉ ቢፈጸም ኖሮ ምን ልንለው ነበር? ጋብቻ?

ጥያቄው የድሮ ብቻ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበረው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ያንን በር ዘጋው፤ ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይታሰራል፣ ከጠለፋ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም አያድነውም።

ሕጉ አለ፤ ሽማግሌ ልኮ «በዕርቅ ይለቅ» ማለቱ ግን በየመንደሩ ገና አልጠፋም። እንግዲህ በሶዶም ሆነ በጽላልሽ የሞቶሎሚን ታሪክ ለልጆቻችን ስናወራ፣ ከንጉሡና ከካህኑ በፊት ስለ እሷ እንጠይቅ። ለእግዚእ ኀረያ መልአክ ደረሰላት። ዛሬ ለምትጠለፍ ልጅ መድረስ ያለብን እኛው ነን።