ከተራረፉ ዕቃዎች የሚገጣጠም ብስክሌት ለገጠሩ ኑሮ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው አውራ ጎዳና ማንኩሳን አቋርጦ ያልፋል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሟ በመላ ሀገሪቱ የታወቀው ማንኩሳ፣ በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ በሚመረትበት ገጠር መካከል ትገኛለች። አውራ ጎዳናው ዳር ለቆመ ሰው መኪና አይጠፋም። ከጎዳናው ገባ ብሎ ለሚኖረው ገበሬ ግን ዋናው መጓጓዣ እስከ ዛሬም እግሩ ነው። ገበያ ቢሄድ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ቢልክ፣ መድኃኒት ቢያስፈልገው ከቀኑ ሰዓቶች ብዙውን የሚወስድበት መንገዱ ነው።

ሰው በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በብስክሌት ደግሞ ደልዳላ በሆነ መንገድ ሳይቸኩል ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 15 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ገበያ ደርሶ ለመመለስ በእግር ስድስት ሰዓት ሲፈጅ፣ በብስክሌት ግን ከሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል ማለት ነው። በአጨዳና በውቂያ ወራት ይህን ያህል ሰዓት ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁንና አዲስ ብስክሌት ለብዙው ገበሬ አቅም የሚከብድ ነው። መፍትሔው ካገለገሉ ብስክሌቶች የተራረፈውን ዕቃ ለቃቅሞ አንድ ጤነኛ ብስክሌት መግጠም ነው። ይህ ለገበሬው እንግዳ ሥራ አይደለም። ሞፈሩን ከአንድ ዛፍ፣ ቀንበሩን ከሌላ ዛፍ ቆርጦ፣ ማረሻውን ከቀጥቃጭ ገዝቶ፣ ድግሩ ሲያልቅ ድግሩን ብቻ የሚለውጥ ሰው ብስክሌትም በዚሁ ሥርዓት የሚሠራ መሆኑን በቶሎ ይረዳል።

ምን ይገዛ?

ከሁሉ በፊት የሚመረጠው ቴላዮው ነው። ቴላዮው ብረት መሆን ይኖርበታል። ማግኔት ሲያስጠጉት ከያዘው ብረት ነው፤ ካልያዘው አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ብረት ቢሰነጠቅ በጋዝ ብየዳ በነሐስ ሊያያዝ ይችላል። አሉሚኒየም ግን በተራ የብየዳ ቤት አይጠገንም። በኤሌክትሪክ ብየዳ ቢሆን ቀጭኑ የብስክሌት ቱቦ በቀላሉ ስለሚቃጠል ጥንቃቄ ያሻል። ፎርኬላው የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ሳይበየድና ሳይቃና መጣል አለበት። በጉዞ ላይ ቢሰበር ተሳፋሪውን በፊቱ ይደፋዋልና።

በከተማ ገበያ ለእሽቅድምድም የተሠራው ኮርሳ አልፎ አልፎ በርካሽ ይገኛል። ኮርሳ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ቀጭን ጎማው የተሠራው ለአስፋልት ነው። ለጠጠርና ለጭቃ መንገድ 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ጎማ ይመረጣል። ስለዚህ ኮርሳ ከመገዛቱ በፊት በፎርኬላውና በቴላዮው መካከል ሰፊ ጎማ የሚያሳልፍ ክፍተት መኖሩ ይለካ።

ብዙ ሰው የሚከስረው በጎማ ቁጥር ነው። በጎማው ላይ 28 ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ከየትኛውም ባለ 28 ቸርኬ ጋር አይገጥምም። የኮርሳው ቸርኬ 622 ሲሆን፣ የድሮው ከባድ ብስክሌት ቸርኬ 635 ነው። እንዲሁም 26 ከሚባሉት መካከል 559ና 590 የሚሉ አሉ። እነዚህ ቁጥሮች በጎማው ጎን በትንንሹ ስለሚጻፉ፣ ከመግዛት በፊት ማንበብ ገንዘብ ያድናል።

ሰንሰለትም ይለካል። 24 ዓይን ተቆጥሮ ከመጀመሪያው ፒን መካከል እስከ መጨረሻው ፒን መካከል አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ወደ 30.7 የተለጠጠ ሰንሰለት ጥርሶቹን እየበላ ስለሚሄድ መለወጥ አለበት።

አገጣጠሙ

መጀመሪያ ፎርኬላው ከነኩሽኔታው ይገባል። ቀጥሎ የፔዳሉ መዞሪያ፣ ከዚያ ጎማዎቹ፣ ሰንሰለቱ፣ ፍሬኑ፣ በመጨረሻም መቀመጫው ይታሰራል። አሮጌዎቹ የብረት ኳሶች በጋዝ ታጥበው፣ የተበሉት ተለውጠው፣ በአዲስ ግራሶ ይሞላሉ። ኩሽኔታው ሲጠብቅ ሳይከብድ መዞር፣ ሲነቀነቅም አለመላወስ አለበት። ጎማው በዞረ ቁጥር ወዲያና ወዲህ የሚወላገድ ከሆነ ከመካከሉ ወደ ቸርኬው የተዘረጉት ቀጫጭን ሽቦዎች ጥቂት በጥቂት እየጠበቁና እየላሉ ይስተካከላል።

አንድ ነገር በተለይ መታወስ ይኖርበታል። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። የግራው ግን ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ይህን ሳያውቅ በጉልበት የሚያስገባ ሰው ጥርሱን አበላሽቶ ዋናውን ክንድ ያስጥላል። ለአብዛኛው ፔዳልና ለብዙዎቹ የጎማ ዳዶዎች 15 ቁጥር መፍቻ ያገለግላል።

ፍሬን አይታለፍም

ከተራረፈ ዕቃ የተሠራ ብስክሌት ጥሩ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሕይወት የሚያጠፋው ግን ያልተሠራው ፍሬን ነው። በርበሬ ጭኖ ቁልቁለት የወረደ ብስክሌት ፍሬኑ ቢከዳው አሽከርካሪውን ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ያለውን ሕፃንና ከብት ጭምር ይጎዳል። ስለዚህ የፍሬን ሽቦና የፍሬን ጎማ ከአሮጌ አይወሰድም፤ አዲስ ይገዛል። የፊትና የኋላ ፍሬን ሁለቱም መሥራት አለባቸው። ብስክሌቱ ለማንም ከመሰጠቱ በፊት ፍሬኑ ተይዞ በእጅ ሲገፋ ጎማዎቹ አልዞርም ማለታቸው ይታይ። ከዚያም ያለ ጭነት፣ በደልዳላ ሜዳ ይሞከር።

የማኅበሩ ድርሻ

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አንድ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር መሬት እንዲያካልል ደንግጎ ነበር። ያን ጊዜ የማኅበር መሪዎች መልእክት ለማድረስ ይህን ሁሉ በእግራቸው ያዳርሱ ነበር። ዛሬም የልማት ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከጎጥ ጎጥ የሚመላለሱት አብዛኛውን በእግር ነው። ለመንደሩ አገልግሎት የሚውል አንድ ብስክሌት ቢኖር ከማንም ቀድሞ የሚጠቅመው ለእነዚህ ነው።

በ2012 ዓ.ም. መንግሥት እግረኛንና ብስክሌትን የሚመለከት የትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። በስፖርቱም በኩል ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች፣ ከእነዚህም አንዱ ገረመው ደንቦባ፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ተወዳድረዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሆኖም የማንኩሳ ወጣት ብስክሌት የሚያሻው ከሽልማት አስቀድሞ ለእንጀራው ነው። መሬት ያልደረሰው ልጅ ብስክሌት መጠገንን ቢለምድ ከቀዬው ሳይርቅ መተዳደሪያ ያገኛል።

ለዚህ የማኅበር መሪዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ነው። ከመንደሩ እጀ ብልህ የሆኑ ሁለት ወጣቶችን መርጦ ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ወይም ወደ ልምድ ያለው ጠጋኝ መላክ፣ መፍቻ፣ መንፊያና ግራሶ የሚገዛበትን ገንዘብ በጋራ ማዋጣት፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ በመዝገብ ማስፈር ነው። ያገለገለ ዕቃ ያለ ደረሰኝና ያለ ምስክር እንዳይገዛም መጠበቅ አለባቸው። የተሰረቀ ብስክሌት ቁራጭ በማኅበሩ ቤት ከተገኘ የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ አመኔታውም ነው።

መጀመሪያ አንድ ብስክሌት ብቻ ይገጠም። አንድ ክረምትና አንድ በጋ በመንደሩ መንገድ ይፈተን። የቱ ክፍል ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ስንት ብር እንደፈጀ፣ ስንት ጊዜ እንደተጠገነ ከተመዘገበ በኋላ ማኅበሩ ሁለተኛውን ይሥራ አይሥራ ብሎ ሲሰበሰብ በግምት ሳይሆን በሒሳብ ይነጋገራል።