ከአፋፍ ወደ ውኃ፦ ከመዝለል በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ዙሪያ ድንጋይ ተፈልጦ የወጣባቸው ጉድጓዶች ውኃ ሞልተው ሐይቅ ይመስላሉ። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ወጣት ቦታው ይጋብዛል። ውኃው ረግቷል፤ ከፍታውም ያን ያህል አያስፈራም። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየክረምቱ ደጋግሞ ከሚያስጠነቅቅባቸው አደጋዎች አንዱ፣ በእንዲህ ያሉ ክፍት ጉድጓዶች ውስጥ ሕፃናትና ወጣቶች የሚሞቱበት አደጋ ነው። ለመሆኑ በዚህ ጸጥ ባለ ውኃ ውስጥ ምን አለ? ከመዝለል በፊትስ ምን ሊታወቅ ይገባል? በዚህ ጽሑፍ ለጥያቄዎቹ በሣይንስ ዐይን መልስ ለመስጠት እንሞክራለን።

ስፍራው የማን ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ባለቤትነት ነው። ለምሳሌ በቡራዩ አቅራቢያ የሚገኘው ገፈርሳ ለዐይን ሐይቅ ቢመስልም፣ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚያቀርብ ግድብ ነው። ብዙ ሕዝብ በሚጠጣው ውኃ ውስጥ መዋኘት ተገቢ አይደለም። በተጨማሪም በማናቸውም ግድብ የውኃ መሳቢያና ማስተንፈሻ አካባቢ የሚፈጠረው ስበት ብርቱ ዋናተኛን እንኳ ይዞ ሊያስቀር ይችላል።

የድንጋይ ካባም ቢሆን ባለቤት አለው። ሥራ ላይ ያለ ካባ ድማሚት የሚፈነዳበትና ድንጋይ የሚናድበት ስፍራ ነው። የተተወ ካባ ደግሞ ጠባቂም ሆነ አጥር ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ወደ አፋፉ ከመቅረብ በፊት የአካባቢውን ነዋሪ መጠየቅ ይገባል፤ ከዚህ በፊት ሰው የሞተበት ስፍራ ከሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ከፍታና ፍጥነት

ከአፋፍ የዘለለ ሰው በመሬት ስበት ምክንያት ፍጥነቱ እየጨመረ ይወርዳል። ከ3 ሜትር ከፍታ የዘለለ ሰው ውኃውን የሚመታው በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ነው። ከ5 ሜትር ከሆነ ፍጥነቱ ወደ 36፣ ከ10 ሜትር ከሆነ ደግሞ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከ5 ሜትር የሚደረገው ዝላይ በሙሉ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጃል፤ በአየር ላይ ሳሉ ሐሳብን ለመለወጥ ጊዜ የለም። ከፍታው እጥፍ ሲሆን አካሉ ወደ ውኃው ይዞት የሚገባው ጉልበትም እጥፍ ይሆናል።

ይህን ጉልበት ቀስ በቀስ ሊያበርድ የሚችለው በቂ ጥልቀት ያለው ውኃ ብቻ ነው። በዓለም አቀፍ የውድድር መዋኛዎች ከ10 ሜትር መዝለያ ሥር ቢያንስ 4.5 ሜትር ጥልቀት ያስፈልጋል፤ ያውም ወለሉ ለጥ ያለ፣ ውኃውም የጠራ ሆኖ ነው። ከ27 ሜትር የሚወዳደሩ ባለሙያዎች በጭንቅላታቸው አይገቡም፤ በእግራቸው ይገባሉ እንጂ። ነፍስ አድን ጠላቂዎችም በውኃው ውስጥ ሆነው ይጠብቋቸዋል።

በጭንቅላት መጥለቅ እጅግ አደገኛ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጭንቅላት ወለሉን ሲመታ ከኋላ የሚመጣው የአካል ክብደት በሙሉ በአንገት አከርካሪ አጥንቶች ላይ ያርፋል። አጥንቱ ሲሰበር በውስጡ የሚያልፈው ኅብለ ሠረሠር ከተጎዳ እጅና እግር ለዘለቄታው ሊሽመደመዱ ይችላሉ። ለዚህ ጉዳት ትልቅ ከፍታ አያስፈልግም፤ ከዳር ሆኖ ጥልቀት ወደሌለው ውኃ በጭንቅላት መጥለቅ ይበቃል።

ዐይን የማይለካው ጥልቀት

የውኃን ጥልቀት በዐይን መገመት በሁለት መንገድ ያሳስታል። ውኃው የጠራ ከሆነ ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚሰበር፣ ከላይ ሲመለከቱት 4 ሜትር የሆነው ወለል 3 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። መዋኘት የማይችል ሰው «እስከ ደረቴ ነው» ብሎ ገብቶ የሚሰምጠው በዚህ ስሕተት ጭምር ነው። ውኃው የደፈረሰ ከሆነ ደግሞ፣ በውስጡ የተንሳፈፈው ደለል ብርሃንን ስለሚበትን ከውስጥ ያለው ነገር ፈጽሞ አይታይም።

የሐይቅ ተመራማሪዎች የውኃን ጥራት የሚለኩበት ቀላል መሣሪያ አላቸው። ጣሊያናዊው አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የሞከረው ይህ መሣሪያ በገመድ የሚወርድ ነጭ ዝርግ ሳሕን ነው፤ ሳሕኑ ከዐይን የሚሰወርበት ጥልቀት የውኃውን ጥራት ያመለክታል። ማንም ሰው በየሜትሩ በተቋጠረ ገመድ ላይ ድንጋይና ነጭ ክዳን አስሮ ሁለቱንም መለካት ይችላል። ክዳኑ ግማሽ ሜትር ሳይወርድ ከተሰወረ፣ አንድ ሜትር ላይ ያለውን አለት የሚያሳይ ዐይን የለም ማለት ነው።

ልኬቱም በአንድ ነጥብ ብቻ አይወሰን። ባዛልት ከቀለጠ ዓለት ቀዝቅዞ ሲጠነክር ይሰነጣጠቃል፤ ድንጋይ ፈላጮችም የሚያወጡት ይህንኑ ስንጥቅ ተከትለው ነው። በዚህም ምክንያት የካባ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ እንደ ደረጃ ወደ ውስጥ እየወጣ ይወርዳል። መካከሉ 6 ሜትር የሆነ ጉድጓድ፣ ዘላዩ በሚያርፍበት በግድግዳው ሥር 1 ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። የተጣለ ብረትና የተናደ ድንጋይም በገመድ ልኬት ሊያመልጥ ይችላል።

ጊዜም ጥልቀትን ይለውጣል። በክረምት የሞላው ውኃ በበጋ ይተናል፣ ይሰርጋል። በመስከረም የተለካው ጥልቀት ለታኅሣሥ አያገለግልም፤ አምና በሰላም የዘለለ ሰው ምስክርነትም ለዘንድሮ ዋስትና አይሆንም።

ብርድና ትንፋሽ

ሦስቱም ከተሞች ደጋ ላይ ናቸው። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይ የሚያሞቀው የውኃውን የላይኛውን ንጣፍ ብቻ ነው፤ ዘላዩ ግን ይህን ንጣፍ ሰንጥቆ ወደ ታችኛው ይወርዳል። አካል በድንገት ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ሲገናኝ ያለ ፈቃድ ትንፋሽ ይስባል። ይህ የሆነው ጭንቅላት ከውኃ በታች ሳለ ከሆነ ወደ ሳንባ የሚገባው ውኃ ነው። በ2500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው።

መውጫውን አስቀድሞ ማየት

ሐይቅ ዳር አለው፤ የካባ ጉድጓድ ግን ብዙ ጊዜ ዳር የለውም። ቀጥ ያለ ግድግዳ ወይም የሚያንሸራትት ሸክላ አፈር ብቻ ነው ያለው። በሰላም የዘለለ ሰው መውጫ አጥቶ ሲደክም ይሰምጣል። ስለዚህ የት እንደሚዘለል ከመመርመር በፊት በየት እንደሚወጣ ማረጋገጥ ይገባል።

ጓደኛን ለማዳን ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሞት ያስከትላል። የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛልና። ከዚህ ይልቅ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በገመድ አስሮ መወርወር ይሻላል። ጄሪካኑ ወደ 20 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ያንሳፍፋል፤ ጭንቅላትን ከውኃ በላይ ለማቆየት ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ይበቃል።

የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ፣ ውኃው እንዲወጣ ብሎ ዘቅዝቆ መያዝ ወይም ሆዱን መጫን ጊዜ ማባከን ነው። አንገቱን ሳያጣምሙ በጀርባው አስተኝቶ ወዲያውኑ በአፉ ትንፋሽ መስጠት፣ ቀጥሎም ደረቱን ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል። ሌላ ሰው ደግሞ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ።

ማጠቃለያ

ባለቤት፣ ጥልቀት፣ ግድግዳ፣ ብርድ፣ መውጫ፦ እነዚህን አምስቱን በሐቅ የመረመረ ሰው በአብዛኞቹ የካባ ጉድጓዶች የሚደርስበት መልስ አንድ ነው፤ ከዚህ አይዘለልም። ከአምስቱ አንዱ እንኳ አጠራጣሪ ከሆነ አለመዝለል የምርመራው ትክክለኛ ውጤት ነው፤ ፈሪነት አይደለም።

ይሁንና ከብት የሚጠብቅ የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ምርመራ ያደርጋል ተብሎ አይጠበቅም። ለእርሱ መመርመር ያለባቸው ጉድጓዱን የቆፈሩትና ያስቆፈሩት ናቸው። ድንጋዩ ወጥቶ ቤት ሲሠራበት፣ መንገድ ሲነጠፍበት፣ ጉድጓዱ ሳይሞላና ሳይታጠር ከቀረ ሥራው ገና አላለቀም።