ቦጎታ መንገዷን ስታከፋፍል

የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ በቀያይ ረጃጅም አውቶቡሶቿ ትታወቃለች። ትራንስሚሌኒዮ ይሏቸዋል። ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳው አውቶቡሱን ነው፤ የከተማዋን አየር የነካው ፈጠራ ግን ከጎማው ሥር ያለው አስፋልት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2000 ሥራው ሲጀመር ከንቲባው ኤንሪኬ ፔኛሎሳ ከሰፋፊ ጎዳናዎች መሃል መስመር ቆርጠው ለአውቶቡስ ብቻ ሰጡ፤ ሌላ ተሽከርካሪ እንዳይገባበትም ተከለለ። ፌርማታው ከአውቶቡሱ ወለል እኩል ከፍ ያለ፣ ጣሪያና በር ያለው ጣቢያ ነው። ተሳፋሪው ሒሳቡን ከፍሎ ይገባና ይጠብቃል፤ አውቶቡሱ ሲደርስ በሮቹ ሁሉ ባንዴ ይከፈታሉ፤ ደረጃ መውጣትም፣ በር ላይ ሳንቲም መቁጠርም የለም። በጣቢያዎቹ አጠገብ ተጨማሪ መስመር ስላለ ቀጥታ የሚያልፈው አውቶቡስ ከቆመው ኋላ አይታሰርም። መሃሉ ላይ የሚታጠፈው አውቶቡስ 160 ሰው ያህል ይይዛል፤ በአቬኒዳ ካራካስ ጎዳና ሰው በሚበዛበት ሰዓት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከ40,000 በላይ ተሳፋሪ ያልፋል። ይህን ያህል ሰው ለማመላለስ ሌሎች ከተሞች ብዙ እጥፍ ገንዘብ አውጥተው ለባቡር ዋሻ ያስቆፍራሉ።

ከዚያ በፊት የነበረውን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አይከብድም። የግል አውቶቡሶችና ሚኒባሶች ጎዳናውን ሞልተውት ነበር። ሾፌሩ ገቢው በጫነው ሰው ልክ ስለሆነ ተሳፋሪ ለመሻማት ይሽቀዳደማል፣ እጁን ያነሳ ሰው ባየበት ሁሉ ይቆማል፣ ሲያሻው ደግሞ እስኪሞላ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ለጭስ ከዚህ የከፋ አነዳድ የለም፤ የናፍጣ ሞተር ጥቀርሻውን አብዝቶ የሚተፋው ከቆመበት ተጭኖ ሲነሣ ነውና። አዲሱ ውል የባለንብረቶቹን ክፍያ ከተሳፋሪ ብዛት አላቅቆ በተጓዙት ኪሎ ሜትር ላይ አሰረው። አዲስ አውቶቡስ የሚያስገባ ሁሉ አሮጌዎቹን አምጥቶ እንዲያስፈጭም አስገደደ። በእኔ ግምት እነዚህ ሁለት የውል አንቀጾች ለአየሩ የዋሉት ውለታ ከተከለለው መስመር አያንስም። እ.ኤ.አ. በ2006 ትራንስሚሌኒዮ በኪዮቶ ስምምነት ሥር ለካርቦን ገበያ ከተመዘገቡ የብዙኃን ትራንስፖርት ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው የሆነው እንዲህ በተደማመረ ምክንያት ነው፦ አንድ ትልቅ አውቶቡስ የብዙ ትናንሾችን ሥራ ይሠራል፣ ጉዞው አይቆራረጥም፣ ያረጀው ሞተርም ከመንገድ ይወጣል።

መኪና ያለው ሰው የሚያነሳው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ መንገዱ ከጠበበ መኪናው ተሰልፎ ይቆማል፣ ቆሞ ሲጠብቅም ያጨሳል ይላል። ነገሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነት ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን መንገድ በሰፋ ቁጥር መኪናው እየበዛ እንደሚሞላው የትኛውም ቀለበት መንገድ ምስክር ነው። አንድ የመኪና መስመር መገናኛ በበዛበት ከተማ ውስጥ በሰዓት የሚያሳልፈው ሰው ከሁለት ሺሕ ብዙም አይዘልም፤ ያውም ባልተዘጋጋ ቀን። ስለዚህ መለካት ያለበት በአንድ ሜትር ስፋት ስንት መኪና አለፈ የሚለው ሳይሆን ስንት ሰው አለፈ፣ ስንት ሊትር ነዳጅስ ተቃጠለ የሚለው ነው። በዚህ ልክ ከተሄደ ባዶ የሚመስለው የአውቶቡስ መስመር ከጎኑ ከተጨናነቀው ይልቅ ብዙ ሰው ያሳልፋል።

ቦጎታ ግን የተሳካላት ብቻ ተደርጋ መነገሯ ልክ አይደለም። ከተማዋ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ናፍጣውን አሟጦ ለማቃጠል ይቸገራል። አዲስ አበባም የዚሁ ችግር ተካፋይ ናት። የመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች ባረጁ ጊዜ በመተካት ፋንታ ውላቸው እየተራዘመ ቆዩ፤ በዚህ መሃል ከሁሉ በላይ ጥቀርሻ የሚተነፍሰው አውቶቡሱ ውስጥ የተቀመጠው ተሳፋሪ ራሱ ሆነ። መስመሩ ተለይቶ ሞተሩ ከተረሳ የሚሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ማጣሪያ የተገጠመላቸው የናፍጣና በጋዝ የሚሠሩ አውቶቡሶች አሮጌዎቹን ተኩ፤ ከዚያም በሠፈር መስመሮች ላይ ከ1,400 በላይ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ተሰማሩ።

እንግዲያ ሁሉንም ኤሌክትሪክ አድርጎ መገላገል አይሻልም ወይ? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ስታግድ ጥያቄው ለእኛም ቀርቧል። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ እርምጃው ለካርቦን ቅነሳ ይጠቅማል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም የኤሌክትሪክ መኪና አስፋልት ላይ የሚይዘው ቦታ ከቤንዚን መኪና አያንስም፣ ከጎማና ከፍሬን የሚቦነው ብናኝም አይቀርም፤ አብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ የሚጓዘው በእግሩ፣ በታክሲና በአውቶቡስ ነው። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ እንዲያውም ከሌላው ይልቅ የራሱን መስመር ይፈልጋል፤ ውድ ስለሆነ በቀን አራት ምልልስ ከሚሠራ ስምንት ቢሠራ ከተማዋ በግማሽ ቁጥር ያንኑ ሰው ታደርሳለች።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መስመር ቢከለልስ፣ የሚመጣው አውቶቡስ ካነሰ? የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲጀምር ኤሌክትሪክም የራሱ ሐዲድም ነበረው፤ መለዋወጫ ሲጠፋ ግን ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ፣ ሰልፉም ወደ ታክሲው ተመለሰ። ቦጎታም ውስጥ በመጨናነቁ የተማረረ ብዙ ተሳፋሪ ሞተር ሳይክል ገዝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ጣቢያዎች የተሰባበሩበት ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። በዚህ ምክንያት መስመሩን መተው ግን አያስኬድም፤ መጨናነቁ አማራጩ ተፈላጊ መሆኑን ነው የሚያሳየው፣ የጎደለው የአውቶቡስ ብዛትና የጥገና በጀት ነው። ቦጎታ አሁን ከፊሉን በአቬኒዳ ካራካስ አናት ላይ የሚያልፍ የመጀመሪያውን የሜትሮ መስመር እየሠራች ነው፤ አውቶቡሶቹም ከሥሩ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ።