ዝምታ ፈቃድ ይሆናልን?

በዓይናችን ውስጥ ብርሃንን አብልጦ የሚሰብረው የትኛው ክፍል ነው? ተማሪዎቼ ዘወትር «ሌንሱ» ይላሉ። ሆኖም ከዓይን 60 ዳዮፕተር ገደማ ኃይል 43 ያህሉ የኮርኒያ ነው፤ ይኸውም በተለምዶ «የዓይን ብሌን» የምንለው ብርሃን አሳላፊ የፊት ገጽ ነው።

ደቡብ ጎንደር ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ኮርኒያን እየፋቀ ጠባሳ ይጥልበታል። ጠባሳ የያዘው ኮርኒያ በሟች ጤናማ ኮርኒያ ሊተካ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ቃል እንዲገቡለት ይጠይቃል፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስም ቃል ገብተው ነበር። የስፔን ሕግ ግን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ «አልሰጥም» ያላለውን ሁሉ እንደ ፈቀደ ይቆጥረዋል። ያም ሆኖ ሐኪሞቹ ቤተሰብ ሳይጠይቁ አያነሡም።

ለእኛስ ይበጀናልን? አይመስለኝም። ስለ ባንኩ ሰምቶ የማያውቅ የስማዳ ገበሬ ዝም ቢል ምን ፈቀደ ይባላል? ኮርኒያ ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መነሣት አለበት፤ እነዚያ ሰዓታት ደግሞ ለቅሶው የሚደምቅባቸው፣ መቃብሩ የሚቆፈርባቸው ናቸው። ሕጉ ቢወጣ እንኳ በሰዓቱ የሚደርስ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ከዚያ አስቀድሞ የታጠፈው ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ካልተቃና፣ አዲሱንም ኮርኒያ እንደ ቀድሞው ይፍቀዋል።