በሐሩር ወራት ያለ እሳት ስለሚሰናዳ የአትክልት ሰላጣ

ከየካቲት እኩሌታ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለው ጊዜ በቆላውና በወይና ደጋው አገር ፀሐዩም ሥራውም በአንድነት የሚበረታበት ወራት ነው። በመስኖ የተተከለው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚነሣው፣ ለመኸሩ መሬት የሚገመሰው፣ ቦዩ የሚጠረገው፣ ሰርጉም የሚደገሰው በዚሁ ወራት ነው፤ ዐቢይ ጾምም በዚሁ መካከል ስለሚውል ወተቱና ሥጋው ከጾመኛው ገበታ ይርቃል። በዚህ ጊዜ የቤቱ እመቤት ገና ሳይነጋ ተነሥታ እንጀራዋን ትጋግራለች፤ ውኃ ቀድታ፣ ልጆቹን አብልታ፣ እንደ ገና ለወጡ እሳት ታነድዳለች። ውጭው በሐሩር ሲቃጠል እርስዋ በጢስ ቤት ውስጥ በምድጃ አጠገብ ትውላለች፤ ምሳው የዘገየ እንደ ሆነም በማሳው ላይ ያለው ሠራተኛ በረኃብና በጥማት ይደክማል።

ታዲያ ምድሪቱ በዚያው ወራት ቲማቲሙን፣ ቃርያውን፣ ሽንኩርቱን፣ ጥቅል ጎመኑን አትረፍርፋ ትሰጣለች። በመቂ፣ በባቱና በፎገራ ሜዳ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቲማቲም በአንድ ጊዜ የደረሰ እንደ ሆነ ዋጋው ስለሚወድቅ የለቃሚውንና የሣጥኑን ኪራይ እንኳ ሳይመልስ በማሳው ላይ ቀርቶ የሚበሰብስበት ጊዜ አለ። ይህን አትክልት ያለ እሳት አሰናድቶ መብላት እንግዲህ ለእመቤቲቱ ዕረፍት፣ ለማገዶው ቁጠባ፣ ለገበሬውም ቅርብ ገበያ ይሆናል።

ክቡራን አስተዳዳሪዎችና የወረዳ ሹማምንት ይህን ሲያነቡ «ይህ የወጥ ቤት ነገር ነውና እኛን ምን አገባን» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ወጥ ሲሠራ ከማሳው የመጣውን ክፉ ነገር አብዛኛውን የሚያጠፋው እሳት ነው። እሳቱ ከተወ ዘንድ የእሳቱን ሥራ የሚሠራው ማነው? ቦዩ፣ የፍጉ ጕድጓድና የመድኀኒት መርጫው ናቸው። የእነዚህም ጥበቃ በእመቤቲቱ እጅ አይደለም፤ በባለ እርሻውና በሹሙ እጅ ነው። ጥሬ ምግብ የሚበስለው በአትክልቱ ቦታ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

አስቀድመን ግን ጥቅሙን እንናገር። ቪታሚን ሲ የተባለው ንጥረ ነገር በእሳት ይጠፋል፤ በቅቅል ውኃውም ይወጣል። ለአንድ ሙሉ ሰው በቀን 45 ሚሊ ግራም ያህል ይበቃዋል ሲባል፣ በ100 ግራም ጥሬ ቲማቲም ውስጥ 14 ሚሊ ግራም ያህል፣ በጥሬ ጥቅል ጎመን 36 ያህል ይገኛል፤ በቃርያ ግን እንደ ዐይነቱ ቢለያይም ከ100 ይበልጣል። እንጀራ በሚበላ አገር ይህ ነገር ሌላም ትርጕም አለው። በጤፍና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን በብዛት ቢገኝም ለሰውነት በቀላሉ የማይወሰድ ነው፤ በዚያው ማዕድ ላይ ቲማቲም፣ ቃርያና ሎሚ የቀረበ እንደ ሆነ ግን ሰውነት ከብረቱ የሚወስደው ይጨምራል። በተቃራኒው ቡናና ሻይ ይህንኑ ብረት ስለሚያስሩ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴት ከምግቡ ጋር ከሚቀርብ ይልቅ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ቢቀርብ መልካም ነው። (ቡናውን ፈጽሞ ይተዉ ብንል የሚሰማን ስለማይኖር ከዚህ አናልፍም።)

ከሁሉ የታወቀው የቲማቲም ፍትፍት ነው። ቲማቲሙ የበሰለ፣ ነገር ግን ገና ያልላላ ይሁን፤ በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት ዐይነቶች «መልካ ሾላ» የሚባለው ለጥሬም ለድልህም የሚሆን ነው። ቀይ ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፋል፤ የሚያቃጥል ከሆነ በጥቂት ጨው ታሽቶ በንጹሕ ውኃ ቢለቀለቅ ኀይሉ ይበርዳል። ቃርያው ፍሬው ወጥቶ ይከተፋል፤ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ ጥቂት ነጭ ሽንኩርትና የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይጨመርበታል። ጨው መጨረሻ ላይ ይነስነስ፤ ቀድሞ የገባ እንደ ሆነ የቲማቲሙን ውኃ ሁሉ ያወጣዋልና። እንጀራው ትኩስ ከሚሆን ይልቅ ያደረ ቢሆን ይሻላል፤ ያደረው ጭማቂውን ሲጠጣ አይቦካካም። ተፈትፍቶ ብዙ የቆየ ግን ይላቁጣል።

ጥቅል ጎመንን ጥሬውን መብላት በገጠር ገና ብዙ አልተለመደም፤ እኔ ግን ለሐሩር ወራት ከሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው እርሱን ነው። የላይኛው ቅጠል ሁለት ሦስት ተገፍፎ ይጣላል፤ የቀረው እንደ ክር ቀጥኖ ይከተፋል፤ በጨው በእጅ ታሽቶ ጥቂት ሲቆይ ይለሰልሳል። የተፋቀ ካሮት ይጨመርበትና በሎሚና በዘይት ይለወሳል። ዘይቱን ለጣዕም ብቻ የገባ አድርጎ መቍጠር አይገባም፤ በካሮት ውስጥ ያለው ለዐይን የሚጠቅመው ነገር ያለ ቅባት ለሰውነት እምብዛም አይዋሐድምና። በሲዳማና በወላይታ እንዳለው አቮካዶ በሚበዛበት ስፍራ በዘይቱ ምትክ የበሰለ አቮካዶ ተከትፎ ቢገባ ይበቃል።

የፌጦ ፍትፍትም እዚህ ሊረሳ አይገባውም፤ አባቶቻችን ሰላጣ የሚለውን ስም ሳይሰሙ ያለ እሳት ያሰናዱት የነበረ ነውና። ፌጦው ተለቅሞ በሙቀጫ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር ይወቀጣል፤ በውኃና በሎሚ ይበጠበጣል፤ እንጀራ ይፈተፈትበታል። ስናፍጭም እንዲሁ ነው፤ ፍሬው ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውኃ ተለውሶ ጥቂት ሲቆይ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ኀይሉ ይወጣል። በሙቅ ውኃ የለወሰው ሰው ግን ኀይሉን ስለሚገድለው ሲበላው ምንም አይሰነፍጠውም። በሁለቱም የሚገባው ውኃ እሳት የማያገኘው ስለ ሆነ አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ በወረድሁበት በአንድ የቆላ ወረዳ ሽንኩርት ለማንሣት የተሰበሰቡ ብዙ ሠራተኞች ነበሩ። የእርሻው ባለቤት ቸር ሰው ስለ ነበር በሐሩሩ ምክንያት ወጡን አስቀርቶ በየቀኑ የሰላጣ ቅጠልና ቲማቲም እንዲቀርብላቸው አዘዘ፤ ሰዎቹም ደስ ብሏቸው በሉ። በሳምንቱ ግን ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሆዳቸውን ታመሙ፤ ሌሎቹም በትኵሳት ተኙ፤ ሽንኩርቱም በመሬት ውስጥ ቆየ። ነገሩ ሲመረመር ቅጠሉ የሚታጠበው በዚያው በቦዩ ውኃ ሆኖ ተገኘ። ከቦዩም ራስ ላይ ከብት ይጠጣ፣ ሠራተኛውም መጸዳጃ ስላልተሠራለት በዳርቻው ይጸዳዳ ነበር። የምግቡ አሳብ መልካም ነበረ፤ ከቦዩ ራስ ላይ ያለውን ያየ ሰው ግን አልነበረም።

በእንዲህ ያለው ውኃ የሚተላለፈው የአንጀት ተስቦ፣ አሜባና የሆድ ወስፋት ነው። የወስፋት ዕንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ዓ. ም. ባወጣው መመሪያ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት የሚሆን የመስኖ ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ በላይ የወስፋት ዕንቁላል እንዳይኖርበት፣ ከሰገራ የሚመጣው ተሐዋሲም በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ1000 እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዞች ዳር የሚለማው አትክልት ብዙ ጊዜ በተመራማሪዎች የተመረመረውና የሚያሰጋው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ወንዞቹ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክመው ይወርዳሉና። በየወረዳው መመርመሪያ ባይኖር እንኳ ቦዩን ተከትሎ እስከ ምንጩ ወይም እስከ ወንዙ በእግር መውጣት ለማንም ሹም አይሳነውም። የከብቱ መጠጫ ከአትክልቱ መጥለፊያ በታች እንዲሆን፣ ሠራተኛ በሚበዛበት ማሳ መጸዳጃ ከቦዩ ርቆ እንዲቈፈር ማዘዝ ደግሞ ከባድ ወጪ የለበትም። ቅጠሉ ከመለቀሙ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ውኃ ማጠጣት ቢቋረጥም ፀሐዩ ራሱ ከተሐዋሲው ብዙውን ይገድለዋል።

ስለ ፍግም እንዲሁ ነው። ያልበሰለ እበት በሰላጣ መደብ ላይ መበተን የተለመደ ስሕተት ነው። በአሜሪካ አገር የተፈጥሮ እርሻ ደንብ ጥሬ እበት ለሰው ምግብ በሚሆንና ፍሬው ወይም ቅጠሉ አፈር በሚነካ ተክል ላይ ከመከሩ 120 ቀን አስቀድሞ ካልሆነ እንዳይገባ ይከለክላል። ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ስለሚደርስ እበቱ ለእርሱ ሊሆን የሚችለው ተከምሮ፣ ተገላብጦና በራሱ ሙቀት በስሎ ብስባሽ ከሆነ በኋላ ነው።

ሦስተኛው የሚረጨው መድኀኒት ነው። በ2004 ዓ. ም. ግድም «ቱታ አብሶሉታ» የተባለው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ገበሬው እጅግ ተጨንቋል፤ አብዝቶ ቢረጭም አይገርምም። በመድኀኒቱ ዕቃ ላይ ግን ከተረጨ ስንት ቀን ሳይሞላ መለቀም እንደማይገባው ተጽፏል። ይህ ጽሕፈት ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ አንብቦ ለገበሬው ቀኑን በቍጥር እንዲነግረው፣ ገበሬውም የረጨበትን ቀን በማሳው ዳር በእንጨት ላይ ጽፎ እንዲተክል ማድረግ ይቻላል። ነጋዴው መኪናውን አቁሞ ሲያስቸኵል ቀኑን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነውና።

ከዚህ በኋላ ያለው የወጥ ቤት ፋንታ ነው፤ እርሱም ቢሆን አንድ ሥር የሰደደ ስሕተት አለበት። ብዙ ሰው ሎሚና ጨው ተሐዋሲን ይገድላል ብሎ ያምናል፤ ሎሚው ጣዕም ይሰጣል እንጂ ሊታመንበት አይቻልም። አትክልቱ አስቀድሞ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ አንድ በአንድ በእጅ ታሽቶ ይታጠብ፤ የወስፋት ዕንቁላል የሚወገደው በመታሸትና በመላጥ ነው። ቀጥሎ ሽታ ያልተጨመረበት መቶ እጅ 5 የሆነ በረኪና በተገኘ ጊዜ በ2 ሊትር ተኩል ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሮ አትክልቱን 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያም በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው። ውኃ የሚፈላ ከሆነ ለአንድ ደቂቃ ተንተክትኮ መፍላት ይበቃዋል፤ ከ2000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ግን ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይሁንለት። ለዚህም አዲስ እሳት አያስፈልግም፤ እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ በምጣዱ ሥር በቀረው ፍም ላይ ማንቈርቈሪያውን መጣድ ነው።

የሰላጣ ቅጠል የተሸበሸበና መሬት የሚነካ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ለማጠብ ያስቸግራል። ስለዚህ ውኃው በሚያጠራጥርበት ወረዳ ቅጠሉን ትቶ የሚላጠውን ካሮትና ኪያር፣ የሚገፈፈውን ጥቅል ጎመን፣ ልጡ ለስላሳ የሆነውን ቲማቲም መያዝ ይሻላል። ሁሉም አትክልት ጥሬውን ይበላል ማለትም አይደለም፤ አደንጓሬ በሚገባ ካልተቀቀለ ሆድ ይመርዛል፤ ድንችም የእሳት ወገን ነው።

ወደ ማሳ ስለሚላክ ምሳ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የተከተፈ ሰላጣ በሐሩር ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባውም። ስለዚህ ከትፎ በአገልግል ከመላክ ይልቅ የታጠበውን ቲማቲም፣ ቃርያና ሎሚ ሳይቈረጥ፣ ጨውን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ፣ እንጀራውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ጨምሮ መላክ ነው። ከታፊው እዚያው ከጥላው ሥር እጁን ታጥቦ ይከትፈዋል። ይህን ሥራ ወንዱም ቢሠራው የሚቀርበት ክብር የለም፤ ቢላዋ ይዞ ሽንኩርት ሲያነሣ የዋለ ሰው ሽንኩርት መክተፍ አያቅተውምና።

ሰኔ ገብቶ ጎርፉ ሜዳውን ማጠብ ሲጀምር በጋውን በዳርቻው የከረመው ቈሻሻ ሁሉ ወደ ቦዩና ወደ መደቡ ይወርዳል። ከመጀመሪያው ጎርፍ ጀምሮ በረባዳ ቦታ ያለው የሰላጣ ቅጠል ለጥሬ እንዳይለቀም የወረዳው ሹም በገበያ ቀን ያስነግር፤ ጥቅል ጎመኑም ወደ ድስቱ ይመለስ፤ ያን ጊዜ ብርዱ ስለሚገባ ከምድጃው አጠገብ መቀመጥን የሚጠላ ሰው አይኖርም።