ለማስተማር መማር፦ ታይላንድ የነገ መምህራኗን እንዴት ታዘጋጃለች?

በታይላንድ አዲሱ የትምህርት ዘመን ተጀምሮ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ የሐሙስ ዕለት፣ ተማሪዎች በአበባና በሣር ያጌጠ ሳህን ይዘው በመምህሮቻቸው ፊት ይንበረከካሉ። ሥርዓቱ «ዋይ ክሩ» ይባላል፤ ለመምህር ክብር መስጠት ማለት ነው። በሳህኑ ላይ የሚደረደሩት ዕፀዋት እንዲያው ለጌጥ ያህል የተመረጡ አይደሉም። እምቡጡ እንደ መርፌ የሾለው «ኬም» የተባለው አበባ የአእምሮን ስለት ያመለክታል። ቢረገጥም መልሶ የሚያቆጠቁጠው ሰርዶ የጽናትና የትዕግሥት ምልክት ነው። ወደ መሬት አዘንብሎ የሚያብበው የደበርጃን አበባ ደግሞ ትሕትናን ይወክላል።

ከእነዚህ ተንበርካኪ ተማሪዎች መካከል አንዳንዶቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሳቸው መምህራን ይሆናሉ። ታዲያ በአንዱና በሌላው መካከል ባሉት ዓመታት ምን ይማራሉ? ፊዚክስን ወይም ሒሳብን ጠንቅቆ ማወቅ ብቻውን መምህር ያደርጋልን? ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ታይላንድ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ያደረገችውን ረጅም ጥረት እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ታይላንዳውያን የሚጠቀሙበት የቡድሃ ዘመን አቆጣጠር ከዚህ በ543 ዓመታት ስለሚቀድም፣ ለእኛ ጽሑፍ 2019 የሆነው ዓመት ለእነርሱ 2562 መሆኑን በዚሁ አጋጣሚ እንጠቁማለን።

ከሦስት ተማሪዎች የተነሣ ታሪክ

ዘመናዊ የመምህራን ሥልጠና በታይላንድ የተጀመረው በንጉሥ ቹላሎንኮርን ዘመነ መንግሥት ነው። ኦክቶበር 12 ቀን 1892 በባንኮክ ከተማ፣ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ቅጥር ግቢ ውስጥ የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሲጀመር የነበሩት ተማሪዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት ትምህርት በአብዛኛው በቡድሃ ገዳማት በመነኮሳት አማካይነት ይሰጥ ስለነበር፣ «ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሥልጠናም ይፈልጋል» የሚለው አስተሳሰብ ለሀገሪቱ አዲስ ነበር።

ሙያው ቀስ በቀስ የራሱን ሕግና ተቋም አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1945 በወጣው የመምህራን ሕግ «ኩሩሳፓ» የተባለው የመምህራን ምክር ቤት ተቋቋመ። ሕጉ የታወጀበት ጃንዋሪ 16 ቀንም ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ የመምህራን ቀን ሆኖ ይከበራል። በየክፍላተ ሀገሩ የተቋቋሙት የመምህራን ኮሌጆች በ1992 «ራጃባት» የሚለውን ስም ከንጉሡ ተቀበሉ፤ በ2004 በወጣው ሕግም የዩኒቨርሲቲነት ደረጃ አገኙ። ዛሬ 38 የራጃባት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ምንም እንኳ በአሁኑ ጊዜ ልዩ ልዩ የትምህርት ዘርፎችን ቢያስተምሩም፣ ከተነሡበት የመምህርነት ሥልጠና አልተለዩም።

አራት ዓመት ወይስ አምስት?

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመምህራን ሕግ በትምህርት ቤት የሚያስተምር ሁሉ የሙያ ፈቃድ እንዲኖረው አዘዘ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የዕጩ መምህራን የመጀመሪያ ዲግሪ ሥልጠና ከአራት ዓመት ወደ አምስት ዓመት ከፍ አለ። አምስተኛው ዓመት በሙሉ የተመደበው ለማስተማር ልምምድ ነበር። የሕክምና ተማሪ በሆስፒታል እንደሚሠለጥን ሁሉ፣ ዕጩ መምህሩም ልምድ ባለው መምህርና ከዩኒቨርሲቲው በሚላክ ተቆጣጣሪ እየተመራ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት ያሳልፋል።

ይሁን እንጂ ይህ አሠራር ጥያቄ ማስነሣቱ አልቀረም። አራት ዓመት ሙሉ ንድፈ ሐሳብ ሲያጠና የቆየ ወጣት በመጨረሻው ዓመት በድንገት አርባ ተማሪዎች ፊት ሲቆም፣ የተማረውንና የሚያየውን ለማገናኘት ይቸገራል። በመሆኑም ከ2019 ጀምሮ ሥልጠናው ወደ አራት ዓመት ተመለሰ፤ የማስተማር ልምምዱ ግን በመጨረሻ ከመከማቸት ይልቅ በአራቱም ዓመታት ውስጥ እንዲከፋፈል ተደረገ። ዕጩው በመጀመሪያ ተመልካች ይሆናል፤ ቀጥሎ ረዳት፤ በመጨረሻም ክፍሉን በራሱ ይይዛል። ተመርቆ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሲቀጠርም ለሁለት ዓመታት «ረዳት መምህር» ተብሎ እየተገመገመ ይሠራል እንጂ ወዲያውኑ ሙሉ መምህር አይባልም።

ከዚህ የዓመታት መጨመርና መቀነስ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ወሳኙ የሥልጠናው ርዝመት ብቻ ሳይሆን፣ ዕጩው በክፍል ውስጥ በሚያሳልፈው ጊዜ ምን ማየት እንደሚማር ነው።

ማወቅና ማሳወቅ

የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ «የትምህርት ዓይነቱን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ማስተማር አያቅተውም» ብለን ማሰብ ይቀናናል። ታይላንድም የሳይንስና የሒሳብ መምህራኗን የዕውቀት ደረጃ ከፍ ለማድረግ ብዙ ደክማለች። እ.ኤ.አ. በ1972 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ማስፋፊያ ተቋም ተመሠረተ፤ በ1996 ደግሞ በሳይንስና በሒሳብ ልዩ ተሰጥዖ ያላቸውን ወጣቶች ለመምህርነት የሚያዘጋጅ የነፃ ትምህርት መርሐ ግብር ተጀመረ። የዚህ መርሐ ግብር ሠልጣኞች መጀመሪያ በሳይንስ ፋኩልቲ ዲግሪያቸውን ይይዛሉ፤ ከዚያም የማስተማር ሙያ ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይመደባሉ።

ተጨማሪው ሥልጠና ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካዊው ምሁር ሊ ሹልማን አንድ መምህር ከትምህርት ዓይነቱ ዕውቀትና ከጠቅላላው የማስተማር ዘዴ ሌላ ሦስተኛ ዓይነት ዕውቀት እንደሚያስፈልገው አመለከቱ። ይኸውም ያንን የተወሰነ ርእሰ ጉዳይ ለተማሪ እንዴት ግልጽ ማድረግ እንደሚቻልና ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳት ማወቅ ነው። ለምሳሌ ብዙ ተማሪዎች የኤሌክትሪክ ፍሰት በአምፖሉ ውስጥ ሲያልፍ «ተበልቶ ያልቃል» ብለው ያስባሉ። ብዙዎች ደግሞ ተክል ምግቡን ከአፈር የሚያገኝ ይመስላቸዋል። ፊዚክስንም ሆነ ባዮሎጂን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ትክክለኛውን መልስ ያውቃል፤ ተማሪው በምን ምክንያት ወደ ስሕተቱ እንደሚደርስ ግን ላያውቅ ይችላል። ይህን ካላወቀ ትክክለኛውን መልስ ደጋግሞ ከመናገር ሌላ መንገድ አይኖረውም። ተማሪውም መልሱን ለፈተና ይሸመድደዋል፤ የቀድሞ እምነቱ ግን በልቡ እንዳለ ይቀራል።

በኮን ካየን የተደረገው ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ2002 በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ የሚገኘው የኮን ካየን ዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ ሞከረ። የሒሳብ ትምህርት ምሁሩ ማይትሪ ኢንፕራሲታ በጃፓን የተማሩ በመሆናቸው፣ በዚያ ሀገር መምህራን ዘንድ ለረጅም ዘመን የቆየውን «ትምህርትን በጋራ ማጥናት» የሚባል አሠራር ወደ ሀገራቸው አመጡ። በመጀመሪያ የተሳተፉት በሰባት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማር ልምምድ ላይ የነበሩ 15 ዕጩ መምህራን ነበሩ።

አሠራሩ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ዕጩዎች፣ ነባር መምህራንና ተመራማሪዎች በአንድነት ተቀምጠው አንድ ክፍለ ጊዜ ያቅዳሉ። ቀጥሎ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ይመለከታሉ። በመጨረሻም ሁሉም ተሰብስበው ያዩትን ይወያዩበታል። ተመልካቾቹ በዋናነት የሚከታተሉት የሚያስተምረውን ዕጩ ሳይሆን ተማሪዎቹን ነው። የትኛው ልጅ ምን ጻፈ? የት ላይ ቆመ? ጓደኛው የሠራውን አይቶ ሐሳቡን ለወጠ ወይስ አልለወጠም? ውይይቱ የሚያተኩረው በእነዚህ ላይ በመሆኑ፣ ዕጩው «ጥሩ አስተማርህ» ወይም «አበላሸህ» ከሚል ፍርድ ይልቅ ስለ ልጆቹ አስተሳሰብ ማስረጃ ይዞ ይወጣል።

በክፍሉ ውስጥ የሚሠራበት ዘዴ ደግሞ አራት ክንውኖችን ያካትታል። መምህሩ ከአንድ በላይ መፍትሔ ያለው ጥያቄ ያቀርባል፤ ተማሪዎች በራሳቸው ይሠራሉ፤ ክፍሉ በሙሉ የተገኙትን መንገዶች ያወዳድራል፤ በመጨረሻም መምህሩ የተማሪዎቹን ሐሳቦች አያይዞ ያጠቃልላል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን 8 + 6 የሚለውን ቀላል ስሌት እንውሰድ። በተለመደው መንገድ የሚያስተምር ሰው ስሌቱን በሰሌዳ ሠርቶ ካሳየ በኋላ ዐሥር ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይሰጣል። በአዲሱ መንገድ የሚያስተምረው ግን «መልሱን የምታገኙበትን መንገድ አሳዩኝ» ብሎ ይጠብቃል። አንዱ ልጅ ከ8 ተነሥቶ በጣቱ እየቆጠረ 14 ይደርሳል። ሁለተኛዋ ከ6ቱ ላይ 2 ወስዳ 8ቱን 10 ታደርግና የቀረውን 4 ትጨምራለች። ሦስተኛው ከ8ቱ ላይ 4 ወስዶ 6ቱን 10 ያደርጋል። አራተኛዋ ከሁለቱም ቁጥሮች አምስት አምስት ለይታ 10 ከሠራች በኋላ የተረፉትን 3 እና 1 ትደምራለች። መንገዶቹ በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሲጻፉ ሦስቱ ልጆች ሳይነጋገሩ ወደ 10 እንደሄዱ ይታያል። የአቆጣጠራችን መሠረት ዐሥር መሆኑን መምህሩ ሳይሆን ልጆቹ ራሳቸው አገኙት ማለት ነው።

በዚህ ሂደት ለዕጩው መምህር እጅግ አስቸጋሪው ነገር መጠበቅ ነው። ዕጩው ክፍሉ ጸጥ ሲል የማያውቅ እንዳይመስል ይፈራል፤ ስለዚህም መልሱን ለመናገር ይቸኩላል። በታይላንድ ደግሞ ፈተናው እጥፍ ነው። ለመምህሩ ተንበርክኮ አክብሮቱን የሚገልጽ ተማሪ «እኔ በሌላ መንገድ ነው የሠራሁት» ለማለት በቀላሉ አይደፍርም። በመሆኑም ዕጩው ክብሩን ሳያጣ ለተማሪው ሐሳብ ቦታ መልቀቅን መማር አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አሠራሩ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዛመተ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ታይላንድና ጃፓን በእስያና ፓስፊክ የኢኮኖሚ ትብብር ማዕቀፍ ውስጥ የጋራ ፕሮጀክት ጀምረውበታል።

የራቀው መንደር

ይህ ሁሉ ጥረት እያለ የሀገሪቱ አጠቃላይ ውጤት የሚያስደስት አይደለም። 15 ዓመት የሞላቸው ተማሪዎች በሚመዘኑበት «ፒሳ» በተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና፣ ታይላንድ በ2012 በሳይንስ 444 ነጥብ አግኝታ ነበር። በ2022 ግን ወደ 409 ወረደች፤ የበለጸጉት ሀገሮች አማካይ 485 ነበር። በሒሳብም ከ427 ወደ 394 ዝቅ ብላለች። ሆኖም በሳይንስ ላይ ያተኮሩት የተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በዓለም ከፍተኛ ውጤት ካላቸው ሀገሮች ጋር የሚወዳደር ነጥብ አግኝተዋል። ስለዚህ ችግሩ የችሎታ ማነስ ሳይሆን፣ መልካም ትምህርት ለሁሉም እኩል አለመድረሱ ነው ማለት ይቻላል።

በታይላንድ ከ120 ያነሱ ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት «ትንሽ ትምህርት ቤት» ይባላል፤ እንዲህ ያሉት በሺዎች ይቆጠራሉ። በተራራማ መንደሮችና በደሴቶች ላይ አንድ መምህር ሁለት ሦስት ክፍሎችን በአንድነት ሊያስተምር ይችላል። ከ1995 ጀምሮ ሁዋ ሂን ከተማ ከሚገኝ ትምህርት ቤት በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት ክፍተቱን በከፊል ሸፍኗል። ነገር ግን ቴሌቪዥን ያስረዳል እንጂ ልጁ የት ላይ እንደተሳሳተ አያይም። ወደ ሩቅ ቦታ የሚመደቡ አዳዲስ መምህራንም ብዙዎቹ ጊዜያቸው ሲደርስ ወደ ትውልድ ቀያቸው ለመዛወር ይጠይቃሉ፤ ልጆቹም እንደገና ሌላ መምህር ይጠብቃሉ።

ይህን ለመለወጥ፣ በ2018 የተቋቋመው የትምህርት ፍትሐዊነት ፈንድ «ክሩ ራክ ቲን» የተባለ መርሐ ግብር ጀመረ፤ ትርጉሙ «ቀዬውን የሚወድ መምህር» እንደማለት ነው። መርሐ ግብሩ አቅም ከሌላቸው ቤተሰቦች የተወለዱ የራቁ መንደሮች ወጣቶችን መርጦ በነፃ ያስተምራል። ሲመረቁም በዚያው በትውልድ አካባቢያቸው ትምህርት ቤት ተመድበው ቢያንስ ለስድስት ዓመታት ያገለግላሉ። በ2020 ሥልጠና የጀመሩት ከ300 የሚበልጡ የመጀመሪያ ዙር ዕጩዎች በ2024 ሥራ ጀምረዋል። የመንደሩን ቋንቋና ኑሮ ያውቃሉ፤ ልጁ ለምን እንደቀረ ለመጠየቅ ወደ ቤቱ ለመሄድ መንገድ መሪ አያስፈልጋቸውም። ይህ በልጆቹ ውጤት ላይ የሚያመጣው ለውጥ የሚመዘነው ግን በሚቀጥሉት ዓመታት ነው።

ለአንባብያን

ከታይላንድ ታሪክ የምንማረው፣ የመምህር ዝግጅት ሦስት ነገሮችን አጣምሮ መያዝ እንዳለበት ነው ብለን እናምናለን። እነርሱም የትምህርቱ ጥልቅ ዕውቀት፣ የተማሪውን አስተሳሰብ የማየት ልምድና መምህሩ በሚያስፈልግበት ቦታ ጸንቶ መቆየት ናቸው። አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ሁለቱ ብቻቸውን አይበቁም።

ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል ነገ ወደ መምህርነት የምትገቡ ትኖራላችሁ። ለጊዜው አንድ ቀላል ሙከራ እንጠይቃችኋለን። በሚቀጥለው ጊዜ ጓደኛችሁ አንድ የሒሳብ ጥያቄ እንድታስረዱት ሲጠይቃችሁ፣ ብዕሩን ከእጁ አትውሰዱ። «አንተ እስከ የት ደረስህ?» በሉትና መልሱን እስኪጨርስ ጠብቁ። የምትሰሙት ነገር ጥያቄውን ሠርታችሁ ብታሳዩት ኖሮ ፈጽሞ የማታውቁት ሊሆን ይችላል።