የጅብ ጥላና እንጉዳይ

ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ ዱር ለዱር የሚዘዋወር ሰው እንጉዳይ ሳያይ አይመለስም። ሕዝባችን እንጉዳይን «የጅብ ጥላ» እያለ መጥራቱ፥ እንደሚመስለን፥ እምነት ስላልጣለበት ነው፤ ይህም ጥርጣሬ ከንቱ አይደለም።

በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የመጨረሻ ሌሊት፥ ከደጅ የተለቀመ እንጉዳይ ለእራት ቀርቦ ከበሉት መካከል ሁለት ሰዎች በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሞቱ። ገዳዩ አማኒታ ፋሎይድስ የሚባለው ነበር። ይህ እንጉዳይ የትውልድ አገሩ አውሮፓ ሲሆን፥ ከኦክ ዛፍ ሥር ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ዛፉ ወደተተከለባቸው ብዙ አገሮች አብሮ ተጉዟል።

ክፋቱም በዝግታው ላይ ነው። የበላው ሰው እስከ 6 ወይም 12 ሰዓት፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፥ ምንም አይሰማውም። ከዚያ በኋላ ያስመልሰዋል፥ ያስቀምጠዋል፤ ቀጥሎም የተሻለው ይመስለውና ደስ ይለዋል። በዚያው ጊዜ ግን መርዙ ጉበቱን በመጨረስ ላይ ነው። መቀቀልም ሆነ ማድረቅ መርዙን አያጠፋውም።

«ብር ማንኪያ ካላጠቆረ ይበላል፤ ቀንድ አውጣ ከበላው ሰውም ይበላዋል» የሚባለው ሁሉ ሐሰት ነው። ቀንድ አውጣ አማኒታን በልቶ በሰላም ይሄዳል!

ታዲያ በምን ይለያል? እንጉዳዩን በቢላዋ ከመቍረጥ ይልቅ ከነሥሩ መቆፈር ይገባል፤ የአማኒታው እግር የሚወጣው አፈር ውስጥ ከተቀበረ ነጭ ከረጢት ነውና። ባርኔጣው አረንጓዴ ቢጤ፥ ከሥሩ ያሉት ስስ ንጣፎች ነጭ፥ በእግሩም ላይ ቀለበት አለው። ሆኖም በእስያ የሚበላው የገለባ እንጉዳይም ከረጢት ስላለው፥ ከእስያ የመጡ ለቃሚዎች በሰው አገር አማኒታውን እርሱ መስሏቸው በልተዋል። ሁለቱን የሚለየው የዘሩ ብናኝ ነው። ባርኔጣውን ቈርጦ፥ ንጣፎቹን ወደ ታች አድርጎ፥ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ብርጭቆ ደፍቶበት ማሳደር ነው። በማግስቱ የገለባው እንጉዳይ ሮዝ ቢጤ፥ አማኒታው ነጭ ብናኝ ጥለው ይገኛሉ። በገበያ የሚሸጠው የተለመደው እንጉዳይ ደግሞ ጥቁር ቡናማ ይጥላል፤ ከረጢትም የለውም።

ብናኝ ብቻውን ግን የመብላት ፈቃድ አይሆንም፤ ቡናማ ብናኝ ያላቸው ገዳዮችም አሉ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በምስጥ ኩይሳ ላይ የሚበቅለውን የሚለቅሙ ሰዎች የሚያውቁትን አንድ ዓይነት፥ ከሚያውቁት ቦታ፥ በወቅቱ ይለቅማሉ፤ ሌላውን ትተውት ያልፋሉ።